ቁልፎቹ አልሞቱም፤ የሚሰማቸው ነው የሄደው

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። ባለፈው ወር ከጨረታ የ2017 ፎርድ ኤክስፕሎረር ገዛሁ። ፖሊስ የነበረ ነው። መኪናው ደህና ነው፤ ግን መሪው ላይ ካሉት ቁልፎች ግማሾቹ አይሠሩም። ክሩዙ (ፍጥነት መጠበቂያው) ይሠራል። ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው፣ ዘፈን መቀየሪያው፣ ስልክ ማንሻው ግን ዝም ነው። ክላክሱም አይጮኽም። የኤርባግ መብራት አልበራም። ሰፈር ያለ ጋራዥ አሳየሁት፤ ‹ክሎክ ስፕሪንጉ ተበጥሷል፣ 580 ዶላር› አሉኝ። ላስቀይረው ወይስ ምን ይሻለኛል? በነገራችን ላይ ሬዲዮውን አውጥቼ አንድሮይድ ስክሪን አስገብቻለሁ። አመሰግናለሁ።»

ወንድሜ፣ አታስቀይር። ቢያንስ ገና ነው።

ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ልጀምር። «በነገራችን ላይ» ብለህ ያለፍከው ነገር ከሁሉ በፊት መምጣት ነበረበት። ሐኪም ጋ ገብቶ ስለ ራስ ምታቱ ግማሽ ሰዓት አውርቶ፣ ሊወጣ በሩን ሲይዝ «ለነገሩ ትናንት ከደረጃ ወድቄ ነበር» እንደሚል ሰው አደረግኸኝ። ወደ ሬዲዮው እመለሳለሁ።

እኔ ኤሌትራውቶ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሥራውን አዲስ አበባ ጀምሬ እዚህ ቨርጂኒያ ቀጠልኩ። ከጨረታ የተገዛ የፖሊስ መኪና በየጊዜው ይመጣልኛል። ድሮ የሚመጣው ክራውን ቪክቶሪያ ነበር። ዲሲ ታክሲ የነዱ ወገኖቻችን ያውቁታል። ሳይረኑ ወርዶ የታክሲ ምልክት የወጣበት ስንቱ ነው! ፎርድ በ2011 ክራውን ቪክን ማምረት ሲያቆም ተራው የኤክስፕሎረርና የዶጅ ቻርጀር ሆነ። መኪናው ተለወጠ እንጂ የመሪው ቁልፍ ጥያቄ አልተለወጠም።

ተራ መኪና ላይ ቁልፍ ካልሠራ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። የፖሊስ መኪና ላይ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብህ ሌላ ነው። ይኼ ቁልፍ ማንን ነበር የሚያዘው? የሚያዘው ዕቃ ተነቅሎ ሄዶ ከሆነ ቁልፉን ቀን ከሌሊት ብትጫነው ምንም አይመጣም። ቁልፉ ጤነኛ ነው። የሚሰማው ነው የሌለው።

እስቲ ጋራዡ ያለህን እንየው። ክሎክ ስፕሪንግ የሚባለው ከመሪው ሥር፣ መሪውና ዘንጉ በሚገናኙበት ቦታ የሚቀመጥ ክብ የፕላስቲክ ቤት ነው። ውስጡ ጠፍጣፋ ገመድ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሎ አለ። መሪውን ስታዞር ገመዱ ይጠብቃል ወይም ይላላል። በዚህ ዘዴ የሚዞረው መሪ ከማይዞረው የመኪና አካል ጋር ሳይቆራረጥ ይገናኛል። የኤርባጉ፣ የክላክሱ፣ የክሩዙና የሬዲዮ ቁልፎቹ ኤሌክትሪክ ሁሉ የሚያልፈው በእሱ ነው። ስንት ሺህ ጊዜ ከተጠቀለለ በኋላ ይሰነጠቃል። ሰፈር ለሰፈር ሲዞር የኖረ የፖሊስ መኪና ላይ ቢበጠስ አይገርምም። ስለዚህ ሰዎቹ ከመሬት ተነሥተው አላወሩም።

የአንተ ምልክቶች ግን ወደዚያ አይወስዱም። የኤርባጉ ኮምፒውተር መስመሩን ሁልጊዜ እየለካ ይቆያል። መስመሩ ሲበጠስ ወዲያው መብራቱን ያበራል። ያንተ አልበራም። ክሩዝህም ይሠራል፤ እሱም በዚያው ቤት ነው የሚያልፈው። ክሎክ ስፕሪንግ አንዱን መስመር በጥሶ ሌላውን ሊተው ይችላል፤ አይቼ አውቃለሁ። ነገር ግን የሬዲዮውንና የክላክሱን ብቻ መርጦ፣ እሱም አንተ ሬዲዮ በቀየርክበት ሰሞን? አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን አረጋግጥልኝ። «የኤርባግ መብራት አልበራም» ስትል ምን ማለትህ ነው? የሞተሩን ቁልፍ ስትከፍት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ይጠፋል ወይስ ጭራሽ አይበራም? በርቶ ከጠፋ ደግ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ ሰላም ነኝ ብሏል። ጭራሽ ካልበራ ግን ከቁልፎቹ የባሰ ጉዳይ አለ። የጨረታ መኪና ላይ ገዢ እንዳይሸሽ መብራቱን የሚያጠፋ ሰው አይጠፋም። ያኔ ስለ ሬዲዮ ማውራት ትተን ስለ ኤርባጉ እናወራለን።

አሁን ወደ ሬዲዮው። የመሪ ቁልፎች ሁለት ዓይነት ናቸው። የድሮዎቹ በኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይሠራሉ። አንድ ሽቦ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ግን የየራሱ መጠን ያለው ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚቃወም ትንሽ ዕቃ) አለው። «ድምፅ ጨምር» ስትጫን ሽቦው ላይ አንድ የኦም (የተቃውሞ መለኪያ) ቁጥር ይታያል፤ «ቀንስ» ስትጫን ሌላ። ሬዲዮው ቁጥሩን እያነበበ የትኛው እንደተጫነ ያውቃል። የአዲሶቹ ደግሞ በዲጂታል መልእክት ይሠራሉ። ቁልፉ መልእክቱን መሪው ዘንግ ላይ ላለው ኮምፒውተር ያቀብላል፤ ከዚያ በመኪናው የመልእክት መስመር ወደ ሬዲዮው ይሄዳል። ያንተ ከሁለተኛዎቹ ነው።

አንድሮይድ ስክሪንህ ከኋላው ኪ1 እና ኪ2 የሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይኖሩታል። እነሱ የተሠሩት ለመጀመሪያው ዓይነት ነው። ያስገባልህ ሰው እነሱን አገናኝቶ «አለቀ» ብሎህ ከሆነ፣ ስክሪኑ የኦም ቁጥር ሲጠብቅ መኪናው ዲጂታል ቋንቋ ያወራል። አንዱ አማርኛ፣ ሌላው ቻይንኛ። መሀል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ከስክሪኑ ጋር የመጣች ካንባስ የምትባል ትንሽ ሣጥን ካለች እሷ ናት አስተርጓሚዋ። ሣጥኗ ተሰክታ እንኳ የስክሪኑ የፋብሪካ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የመኪናውን ዓይነት ካልመረጡላት አትሠራም። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህችን ነው። ሣጥኗ ከሌለች ለብቻዋ የምትሸጥ የመሪ ቁልፍ አዳፕተር አለች። ስትገዛ ለመኪናህም ለስክሪንህም የምትሆን መሆኗን አረጋግጥ።

ለዚህ ከሁሉ የሚቀልለው ምርመራ በነፃ ነው። የድሮውን ሬዲዮ ጥለኸዋል? ካልጣልከው ለአምስት ደቂቃ መልሰህ ሰካው። ቁልፎቹ ከሠሩ የአንተ ጉዳይ የአስተርጓሚ ጉዳይ ነው፤ 580 ዶላርህን በኪስህ ይዘህ ተኛ።

ከድሮው ሬዲዮ ጋርም ዝም ካሉስ? የፖሊስ መኪና ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ፎርድ ለፖሊስ ባወጣው ኤክስፕሎረር ላይ፣ መሪው ላይ ካሉት ቁልፎች አራቱን ለሌላ ሥራ የማዋል አማራጭ ነበር። ነገሩ ሲታሰብ ብልህነት ነው። ፖሊሱ መኪና እያሳደደ ነው። በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ሬዲዮ መነጋገሪያ ይዟል። ሳይረኑን ለመለወጥ ወደ መሀል ማጎንበስ የለበትም፤ በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ያልቃል። ስለዚህ የእነዚያ ቁልፎች ምልክት ወደ ሙዚቃ አይሄድም። ለብቻው በወጣ ሽቦ በኩል ወደ ፖሊስ ዕቃው ሣጥን ይሄዳል። ሽቦውን ከሳይረንና ከመብራት ጋር የሚያገናኘው ፎርድ አይደለም፤ የፖሊስ ዕቃ የሚገጥም ሌላ ድርጅት ነው። ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነው የየከተማው ፖሊስ ነው። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መኪኖች ቁልፎቻቸው የተለያየ ነገር ያዛሉ የምልህ ለዚህ ነው።

መኪናው አገልግሎቱን ሲጨርስ ዕቃው ይነቀላል። ውድ ስለሆነ ለሚቀጥለው መኪና ይፈለጋል። የሚነቅለው ሰው ደግሞ ለአንተ አይጨነቅም። ፒንሳውን ይዞ ይገባል፣ ይቆርጣል፣ ይጎትታል፣ ይሄዳል። ጨዋ ከሆነ ጫፉን በናስትሮ ይጠቀልለዋል። ካልሆነ እንደተቆረጠ ይተወዋል። በሹፌሩ እግር በላይ፣ በመሀል ኮንሶሉ አካባቢ፣ ከወንበር ሥርና ከኋላ ዕቃ መጫኛው ጎን የእጅ ባትሪ ይዘህ ብታይ የተቆረጠ የሽቦ ፀጉር ታገኛለህ።

መኪናህ በእርግጥ የፖሊስ ሞዴል መሆኑንም በዚህ አጋጣሚ እይ። የሻንሲ ቁጥሩን ተመልከት። ከ1 እስከ 17 ስትቆጥር 5ኛው፣ 6ኛውና 7ኛው «ኬ8ኤ» (K8A) ከሆኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የፖሊስ ነው። ሌላ ከሆነ ተራ ኤክስፕሎረር ገዝተው መብራት የገጠሙበት ይሆናል፤ ያኔ ስለ አራቱ ቁልፎች ያልኩህን እርሳው። 8ኛው ፊደል «አር» ከሆነ ሞተሩ 3.7 ነው፤ «ቲ» ከሆነ ቱርቦ ያለው 3.5።

ፋብሪካው መኪናህን እንዴት አዋቅሮ እንዳወጣው ማየትም ትችላለህ። ፎርስካን የሚባል ለፎርድ የተሠራ ሶፍትዌር አለ። ላፕቶፕህ ላይ ጭነህ፣ ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት በአዳፕተር ታገናኘዋለህ። አዳፕተሩ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል፤ ግን የፎርድን ሁለቱንም የመልእክት መስመሮች የሚያነብ መሆን አለበት። ርካሹ የብሉቱዝ ዓይነት ግማሹን አያይም፤ «ኮምፒውተሩ የለም» ብሎ ያደናግርሃል። የምትፈልገው የመሪው ዘንግ ኮምፒውተር የሚያሳየውን የቀጥታ ንባብ ነው። ቁልፉን ስትጫን ንባቡ ከተለወጠ ቁልፉም ክሎክ ስፕሪንጉም ጤነኛ ናቸው። ክርክሩ አበቃ። ካልተለወጠ ወደ መሪው እንወርዳለን።

ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በዚያው ሶፍትዌር ኮንፊገሬሽን፣ ማለትም የመኪናውን አወቃቀር፣ መቀየርም ይቻላል። ዩቲዩብ አይተህ ዝም ብለህ ቁጥር አትጻፍ። ከምንም በፊት የነበረውን በሙሉ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ። ለማየት እንጂ ለመቀየር ካልለመድክ ለሚያውቅ ሰው ስጠው።

ስልክ ማንሻውን በተመለከተ አጭር ነው። ብዙ የፖሊስ ኤክስፕሎረሮች ሲንክ የሚባለው የስልክ ሲስተም ሳይኖራቸው ነው የወጡት። ሲንክ ከሌለ ስልክ የሚቀበል የለም። አንድሮይድ ስክሪንህ ከአዳፕተር ጋር ሊተካው ይችላል።

አሁን ክላክሱ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጥያቄህን ሳነብ ቀልቤን የሳበው እሱ ነው። ጋራዡን ያሳሳተውም እሱ ይመስለኛል። «ክላክስ የለም፣ ቁልፍ የለም፣ እንግዲያው ክሎክ ስፕሪንግ ነው» ብለው ደምረውታል። ተራ መኪና ቢሆን ድምሩ ልክ ነበር።

የፖሊስ መኪና ላይ ክላክሱ ሁለት ሥራ አለው። ሳይረኑ ሳይከፈት ተራ ክላክስ ነው። ሳይረኑ ከተከፈተ በኋላ ግን ፖሊሱ ክላክሱን ሲጫን የሳይረኑ ድምፅ ይለወጣል፤ ከረጅሙ ዋይታ ወደ ፈጣኑ፣ ወይም ወደዚያ የጭነት መኪና ጥሩምባ ወደሚመስለው። ይኼን ለማድረግ የዕቃው ገጣሚ ከመሪው የሚመጣውን የክላክስ ሽቦ ይቆርጠዋል። ሁለቱንም ጫፍ ወደ ሳይረኑ ሣጥን ያስገባል። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ነው ወሳኙ፦ አሁን ክላክስ ነው፣ አሁን ሳይረን ነው እያለ። ሣጥኑ ሲነቀል ሁለቱ ጫፎች ሳይገናኙ ይቀራሉ። ክላክሱ ደህና፣ ፊውዙ ደህና፣ መሪው ደህና፤ መሀሉ ላይ ግን ድልድዩ ተነሥቷል።

እንዴት ታረጋግጣለህ? ኮፈኖውን ክፈት። የክላክሱን ሶኬት ነቅለህ ከባትሪው በፊውዝ በኩል ኤሌክትሪክ ስጠው። ከጮኸ እሱ ነፃ ነው። ከዚያ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከመሪው ዘንግ ወደ ታች የሚወርዱትን ሽቦዎች ተከተል። ተቆርጦ የተቀጠለ፣ ወይም ተቆርጦ የቀረ ሽቦ ፈልግ። ሁለት ጫፍ ካገኘህ ቴስተርህን አውጣ። አንደኛው ጫፍ ክላክሱን ስትጫን ከማሳ (ከኔጌቲቩ፣ ከመኪናው ብረት) ጋር ይገናኛል፤ ስትለቀው ይላቀቃል። ሌላኛው ላይ ቮልት ታገኛለህ። እነዚያን ነው መልሰህ የምታገናኛቸው። በናስትሮ ብቻ አታስረው እባክህ። በደንብ ቀጥለህ፣ በሙቀት የሚጠብቅ ቱቦ አልብሰው። ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ ካየህ ደግሞ እጅህን አንሣ። እሱ የኤርባግ ነው፤ ቴስተር አይነካውም።

ይህን ሁሉ የምልህ ከመጽሐፍ አይደለም። እዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን የ2003 ክራውን ቪክ መጣልኝ። ባለቤቱ ታክሲ ነጂ ነበር፤ የልጆች አባት፣ ለጋራዥ የሚከፍለውን በሳንቲም የሚቆጥር ሰው። የመሪው የክሩዝ ቁልፎች አይሠሩም። እኔም ልክ እንዳንተ ጋራዥ «ክሎክ ስፕሪንግ» አልኩ። ቀየርኩት። አልሠራም። ቁልፎቹን ቀየርኩ። አልሠራም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ የሚታየውን ዕቃ እየመታሁ ዋናውን ሸሸሁት። በመጨረሻ መኪናውን ከግቢ ሳስወጣው ጓደኛዬ ከኋላ ቆሞ «ፍሬን ስትይዝ መብራት የለህም» አለኝ። ከዳሽቦርዱ ሥር አንድ ትንሽ ማጥፊያ አገኘሁ። በማታ ተደብቆ ለመቆም የኋላ መብራቱን ሁሉ የሚያጠፋ፣ ፖሊሶቹ ያስገጠሙት ነው። በዚያ ዘመን ፎርድ ላይ የክሩዙ ኮምፒውተር የፍሬን መብራቱን መስመር ያያል፤ መስመሩ ከተቋረጠ ክሩዝ አይይዝም። ማጥፊያውን ወደ ላይ ገፋሁት። ክሩዙ ሠራ። የዕቃውን ዋጋ ለሰውዬው መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ የፖሊስ መኪና ሲገባ መጀመሪያ በጀርባዬ ተኝቼ ከዳሽቦርዱ ሥር ነው የምገባው።

አንተም እንደዚያ አድርግ። የማታውቀው ማጥፊያ፣ ከባትሪው በቀጥታ የመጣ ወፍራም ሽቦ፣ ባዶ የፊውዝ ሣጥን ካየህ ፎቶ አንሥተህ አስቀምጥ። ከባትሪው በቀጥታ የመጡት ሽቦዎች ጫፋቸው ክፍት ከሆነ አሁኑኑ ከባትሪው ጫፍ ንቀላቸው። ቁልፍ ያልሠራበት መኪና ችግር ነው፤ እሳት የተነሣበት ግን ሌላ ነገር ነው። መኪናው ሁለት ቀን ቆሞ ባትሪው የሚሞት ከሆነም ምክንያቱ እዚያው ነው የሚገኘው።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም መሪውን ከጠረጠርክ፣ መሪውን ሳትፈታ የሚለካበት መንገድ አለ። የመሪው ዘንግ የፕላስቲክ ሽፋን ከታች በኩል በካቻቢቴ ይፈታል። የክሎክ ስፕሪንጉ ሶኬት እዚያ አለ። የተቃውሞ ዓይነት ቁልፍ ያለው የድሮ መኪና ከሆነ ከዚያ ሆነህ የቁልፎቹን ሽቦ በኦም ትለካለህ። እየተጫንክ መሪውን ቀስ እያልክ ከግራ ወደ ቀኝ አዙር። ቁጥሩ መሪው አንድ ቦታ ሲደርስ ብቻ ከጠፋ ክሎክ ስፕሪንጉ ተሰንጥቋል። ያንተ ዲጂታል ስለሆነ በኦም ምንም አታይም፤ ያንኑ ነገር በፎርስካን ንባብ አድርገው።

መሪውን መፍታት ግድ ከሆነ ግን እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ፊት ለፊትህ ያለው ኤርባግ ነው። ጎማዎቹን ቀጥ አድርግ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። የኤርባጉ ኮምፒውተር ባትሪው ከተነቀለም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይይዛል፤ ስለዚህ ጠብቅ። የጥገና መጻሕፍቱ የሚሉት ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ነው። እኔ ቡና ይፈላልኝ እላለሁ፤ አቦል ብቻ ጠጥቼም አልመለስም። ኤርባጉን ስትይዘው ፊቱ ወደ ውጭ ይሁን፣ ወደ ሆድህ አይዙር። ስታስቀምጠው ፊቱ ወደ ላይ። በቴስተር አትለካው። መሪው ከወጣ በኋላ ክሎክ ስፕሪንጉን እንደ አሻንጉሊት አታዙረው፤ መሀሉ ላይ መሆን አለበት። ከመሀል ወጥቶ ከተገጠመ የመጀመሪያው ሙሉ ዙር ላይ ይበጠሳል። አዲሱ ለዚህ ነው በማቆሚያ ተይዞ የሚመጣው። ይህን አንብበህ ልብህ ከፈራ ጥሩ ነው፤ ሰው ቅጠርበት።

ቁልፎቹ ራሳቸው የሚበላሹበት ጊዜም አለ። ለ8 ሰዓት ሥራ መኪና ውስጥ የሚውል ሰው ቡናና ሶዳ ያፈሳል። ስኳሩ ቁልፉ ሥር ይደርቃል። ተጭነኸው የማይመለስ ወይም የሚጣበቅ ቁልፍ ካለ በኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ ይጸዳል።

አራቱ ቁልፎች ለፖሊስ ዕቃ የተመደቡ ሆነው ከተገኙ ምን ታደርጋለህ? ፎርድ ለዕቃ ገጣሚዎች ብሎ በየዓመቱ ያወጣው መመሪያ አለ፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የ2017ቱን አውርድ። ሽቦዎቹ የት እንደሚወጡና ቀለማቸው ምን እንደሆነ እዚያ ታያለህ። ለዳሽ ካሜራ፣ ለኋላ ዕቃ መጫኛ መብራት፣ ለጋራዥ በር መክፈቻ ልታውላቸው ትችላለህ። ምልክቱ ደካማ ስለሆነ መብራት በቀጥታ አታገናኝበት፤ በሪሌይ (በደካማ ምልክት ትልቁን ኤሌክትሪክ በሚከፍት ማብሪያ) እና በፊውዝ ይሁን። ቀይና ሰማያዊ መብራት ወይም ሳይረን ግን አታስበው። ጎረምሳ ጓደኛህ «እንሞክረው» ቢልህ እንኳ። ሲቪል ሰው ፖሊስ መስሎ መንዳት እዚህ አገር የሚያስከስስ ነገር ነው፤ የስደት ወረቀት ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ይበልጥ።

ከቁልፎቹ ወጣ ብዬ ሦስት ነገር ልበልህ፤ አለማለት ስለማልችል ነው።

አንደኛው ከሁሉ ይበልጣል። የተነቀለው ዕቃ ቀዳዳ ትቷል። በ2017 የኦስቲን ከተማ ፖሊስ ወደ 400 የሚጠጉ ኤክስፕሎረሮቹን ከሥራ አስወጥቶ ነበር፤ የጭስ ጋዝ ወደ ውስጥ እየገባ ፖሊሶች ስለታመሙ። ፎርድ ያኔ ከጠቆማቸው ምክንያቶች አንዱ ለመብራትና ለሽቦ ተብለው ተቦርቡረው ያልተደፈኑ ቀዳዳዎች ናቸው። ጭሱ ውስጥ ያለው ገዳዩ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም። ሽቦ ስትፈልግ የኋላውን በርና የኋላውን ወለል ምንጣፉን አንሥተህ እይ። ቀዳዳ ካለ ድፈን። ልጆች ታሳፍርበታለህ ብዬ ነው። የኋላ በሮቹም ከውስጥ ይከፈቱ እንደሆነ ራስህ ገብተህ ሞክር። እስረኛ እንዳያመልጥ ተብሎ የተዘጋ በር ልጅህንም አያስወጣም።

ሁለተኛው የሞተሩ ቁልፍ ነው። አንዳንድ የፖሊስ መምሪያዎች መኪኖቻቸውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ቁልፍ ያሠራሉ። ያንተን መኪና የሚከፍት ቁልፍ የያዘ ስንት ሰው እንዳለ አስብ። ሲሊንደሩን ማስቀየር ውድ አይደለም።

ሦስተኛው የሚተርፍህ 580 ዶላር ነው። መሪው ላይ ባሉት ቀስቶች በዳሽቦርዱ ስክሪን ውስጥ ገብተህ ሞተሩ የሠራበትንና ቆሞ የሠራበትን ሰዓት ፈልግ። ፎርድ አንድ ሰዓት ቆሞ መሥራትን እንደ 33 ማይል ጉዞ ይቆጥረዋል። 3,000 ሰዓት ቆሞ ከሠራ 99,000 ማይል ጨምርበት ማለት ነው፤ ኪሎሜትር ቆጣሪው ይህን አይነግርህም። የዚህ ሞተር የውሃ ፓምፕ ደግሞ ከውጭ አይደለም፤ ሞተሩ ውስጥ በታይሚንግ ሰንሰለቱ ነው የሚዞረው። ሲያፈስ ውሃው ከዘይቱ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። የራዲያተሩ ውሃ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ከሆነ፣ ወይም የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ካየህ፣ ሙዚቃውን ትተህ ለእሱ አስብ።

በል እንግዲህ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አለህ። የድሮውን ሬዲዮ መልሰህ ሰካና ምን እንደሆነ ጻፍልኝ። ክላክሱ በቀጥታ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ጮኸ ወይስ አልጮኸም? የኤርባጉ መብራት ሲከፈት በርቶ ጠፋ ወይ? ከዳሽቦርዱ ሥር ያገኘኸውንም ሽቦ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ናስትሮው ሳይፈታ።